ችሎት ያልቀረበ መዝገብ

ፋሽስት ኢጣሊያ በኢትዮጵያ ሕዝብ ላይ ስለፈጸመው ግፍ ብዙ ተነግሯል፤ ብዙ ተጽፏል፤ በመድረክም ታይቷል። ይኸው ግፍ በወንጀል ክስ መልክ ተዘጋጅቶ፣ ማስረጃ ተያይዞበትና የተከሳሾች ስም ሰፍሮበት ለዓለም አቀፍ አካል የቀረበ መሆኑን የሚያውቅ ግን ጥቂት ሰው ነው። ዛሬ የዚያን መዝገብ ፈለግ በኢንተርኔት መከተል ይቻላል። ይሁን እንጂ የመዝገቡን አሠራር ሳያውቅ የሚገባበት ሰው ከወረቀቱ ብዛት በስተቀር ይዞት የሚወጣው ነገር አይኖርም።

መዝገቡን የተቀበለው የተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀል ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1943 በሎንዶን የተቋቋመ ነበር። አባላቱ 17 መንግሥታት ሲሆኑ ኢትዮጵያ አልነበረችበትም። ኮሚሽኑ ፍርድ ቤት አይደለም፤ ሥራው የቀረበለትን ክስ መርምሮ ማስረጃው በቂ ነው ወይስ አይደለም ብሎ መመደብ ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በማርች 1948 ሲዘጋ ከ36,000 በላይ ተጠርጣሪዎች የተመዘገቡባቸው ሰነዶቹ ወደ ኒውዮርክ ተላልፈው ለብዙ ዓመታት ከተመራማሪ ዓይን ርቀው ኖሩ። በኋላ የዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት የሕግ መረጃ ክፍል የሰነዶቹን ቅጂዎች በኢንተርኔት አኖረ፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ በሎንዶን የሚገኘው የዊነር ቤተ መጻሕፍት የመዝገቦቹን ዝርዝር ማንም ሰው እንዲፈልግበት ከፈተ።

ፈላጊው አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባው የመዝገቡ ሥርዓት በታሪክ ቅደም ተከተል ሳይሆን በከሳሽ አገርና በተከሳሽ ስም የተዘረጋ መሆኑን ነው። «የካቲት 12» ብሎ የሚፈልግ ባዶ እጁን ይመለሳል። «ግራዚያኒ» ወይም «ባዶሊዮ» የሚል ግን በሩን ያገኛል። ቀኑም ራሱን የቻለ እንቆቅልሽ ነው። እኛ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የምንለው በክሱ ፌብሩዋሪ 19 ቀን 1937 ሆኖ ይገኛል። የኢጣሊያ ሹማምንት ወረቀት ደግሞ ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘበት ከኦክቶበር 1922 የሚቆጠር የፋሽስት ዘመን በሮማውያን አኃዝ ይጨምርበታል፤ በዚያ ስሌት የካቲት 12 የዋለው በ15ኛው ዓመት ነው። ወራሪው ዘመን እንኳ ከእርሱ ጀምሮ እንዲቆጠር መፈለጉን ከዚህች ትንሽ ቁጥር የበለጠ የሚያሳይ ነገር አላየሁም።

እያንዳንዱ ክስ በተወሰነ ቅጽ የተሞላ ነው፤ የተከሳሹ ስምና ማዕርግ፣ ወንጀሉ የተፈጸመበት ቀንና ቦታ፣ የተጣሰው ሕግ፣ የፍሬ ነገሩ አጭር መግለጫ። አንባቢው እዚህ ላይ እንዳያቆም። ከመጨረሻው ላይ ከሳሹ ተከሳሹ ሊያቀርብ የሚችለውን መከላከያ የሚገምትበት ስፍራ አለ፤ የክሱ ጥንካሬና ድካም ጎልቶ የሚታየው እዚያ ነው። ከዚህ ሁሉ በኋላ የኮሚሽኑ ውሳኔ በአንዲት የላቲን ፊደል ይገለጻል፤ አንደኛዋ ለተከሳሽ፣ ሌላዋ ለተጠርጣሪ፣ ሦስተኛዋ ለምስክር። ኢትዮጵያ ካቀረበቻቸው አሥር ኢጣሊያውያን መካከል ባዶሊዮና ግራዚያኒ የተመዘገቡት በተከሳሽነት ነው።

ማስረጃዎቹን የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1949 እና በ1950 በሁለት ቅጾች አሳትሟቸዋል። የመጀመሪያው ቅጽ የኢጣሊያኖቹን ቴሌግራሞችና ሰርኩላሮች፣ ሁለተኛው በመሐላ የተሰጡ የምስክርነት ቃሎችንና ቀደም ብለው የታተሙ ጽሑፎችን ይዟል። ሙሶሊኒ ግንቦት 28 ቀን 1928 ዓ.ም. የተማረኩ ዐርበኞች ሁሉ እንዲረሸኑ አዘዘ፤ ሰኔ 1 ቀን የመርዝ ጋዝ እንዲጣልባቸው አዘዘ፤ ሐምሌ 1 ቀን ደግሞ በዐርበኞቹና በሚረዳቸው ሕዝብ ላይ የሽብርና የማጥፋት ፖሊሲ በዘዴ እንዲካሄድ ለግራዚያኒ ሥልጣን ሰጠ። ለዐቃቤ ሕግ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም፤ ወንጀለኛው በራሱ ቃል፣ በራሱ ፊርማ መስክሯልና።

የቴሌግራሙ ጥንካሬ ግን ለታሪክ ጸሐፊ ወጥመድ ሊሆን ይችላል። ደብረ ሊባኖስን እንመልከት። ግራዚያኒ ግንቦት 13 ቀን 1929 ዓ.ም. ለሮማ ባስተላለፈው መልእክት 297 መነኮሳትና 23 ምእመናን መረሸናቸውን አስታወቀ፤ ጥቂት ቀናት ቆይቶም 129 ዲያቆናት ጨመረ። ቁጥሮቹ እስከ አንድ ድረስ የተቈጠሩ ስለሆኑ የተማሪ መጽሐፍ በቀላሉ ይቀበላቸዋል። ነገር ግን ቈጣሪው ራሱ ገዳዩ ነው፤ ገዳይም የሚቈጥረው ለአለቃው ሊያሳውቅ የፈለገውን ያህል ነው። የአገሬው ምስክርነት በአንጻሩ ቀን ያሳስታል፤ ሰዓት አይዝም፤ ለችሎት ደካማ ይመስላል፤ ሆኖም ቴሌግራሙ የዘለለውን ሰው ስም ያስታውሳል።

ክሱ ወደ ችሎት ያልደረሰው ማስረጃ ጎድሎ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1947 የተፈረመው የሰላም ውል ለኢትዮጵያ ጉዳይ መነሻ ያደረገው ኦክቶበር 3 ቀን 1935ን ሲሆን፣ ኢጣሊያ በጦር ወንጀል የተከሰሱትን አሳልፋ እንድትሰጥም ያስገድዳል። ነገር ግን ባዶሊዮ እ.ኤ.አ. በ1943 ከተባባሪዎቹ መንግሥታት ጋር የጦርነት ማቆም ስምምነት ያደረገው መንግሥት መሪ ነበር፤ ለብሪታንያ ከተከሳሽነቱ ይልቅ ወዳጅነቱ ይጠቅማት ነበር። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1949 ሁለቱን ሰዎች በብሪታንያ በኩል ብትጠይቅም ጥያቄዋ ሰሚ አጣ። ግራዚያኒን የገዛ አገሩ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1950 የ19 ዓመት እስራት የፈረደበት ከጀርመኖች ጋር በመተባበሩ ነው፤ ጥቂት ወራት ታስሮ ተፈታ። በዚያ ፍርድ ውስጥ ደብረ ሊባኖስ አልተነሣም።

መዝገቡ ከተዘጋ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ቆይቶ ኢያን ካምቤልና ደግፌ ገብረ ፃድቅ በአካባቢው ተዘዋውረው አረጋውያንን ጠየቁ፤ ስፍራዎቹንም መረመሩ። እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት ጥናት በደብረ ሊባኖስ የተገደሉት ከ1,423 እስከ 2,033 እንደሚደርሱ ገመቱ። ይህ ግምት በኮሚሽኑ መዝገብ ውስጥ የለም፤ በዚያ የሚፈልግ ሰው የሚያገኘው የግራዚያኒን ቁጥር ነው።