ምርጊትና ፍራታሶ፦ ስለ ጅማና አካባቢዋ የግድግዳ ልስን ታሪክ

የቤት ግድግዳ መለሰን በሙያችን ዘንድ እንደ ትልቅ አርእስት የሚታይ አይደለም። መሐንዲሶች ስንሰባሰብ ወሬያችን ድልድይ፣ ግድብና አውራ ጎዳና ነው። ይሁን እንጂ በ1999 ዓ.ም. የተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ እንዳሳየው፣ ከሀገራችን የከተማ መኖሪያ ቤቶች ከግማሽ የሚበልጡት ግድግዳቸው እንጨትና ጭቃ ነበር። እኔ በተማርሁባቸው ዓመታት ስለ ኮንክሪት ብዙ ተነገረኝ፤ ስለ ጭቃ ግን አንዲት ሰዓት እንኳ አልሰማሁም። የመጽሔቱ አዘጋጆች ከሙያችን ታሪክ አንድ ነገር እንድጽፍ በጠየቁኝ ጊዜ የመረጥሁት ይህንኑ የተዘለለ ምዕራፍ ነው፤ ለመምረጤም ምክንያቱ የራሴ ጥፋት ነው።

እናቴ የምትኖረው ከጅማ በስተ ሰሜን ምዕራብ በምትገኘው የቡና ከተማ በአጋሮ ነው። ተመርቄ ሥራ በያዝሁ በጥቂት ዓመታት ውስጥ «ቤቱን ላሳምርልሽ» ብዬ የውጩን ግድግዳ አንድ እጅ ሲሚንቶ በሦስት እጅ አሸዋ አስለሰንሁት። በመጀመሪያው ዓመት ጎረቤት ሁሉ አደነቀው። በሦስተኛው ክረምት በስተ ምዕራብ ያለው ወገን እንደ ደረቀ ቅርፊት ተላጦ ወደቀ። የሚያስደነግጠው የወደቀው ልስን ሳይሆን ከበስተኋላው የታየው ነበር፤ ጭቃው እንደ ገንፎ ረጥቦ፣ ቋሚዎቹ ከመሬት እስከ ጉልበት በስብሰው፣ ማገሩም በእጅ የሚፈረፈር ሆኖ ተገኘ። በጭቃ ብቻ ተመርጎ ከአርባ ዓመት በላይ የቆመው ግድግዳ በእኔ ሲሚንቶ በሦስት ዓመት ታመመ።

ጭቃ በዚህ አገር የድሀ ቤት ብቻ መሥሪያ አልነበረም። ከ1870 ዓ.ም. ጀምሮ ከሃምሳ ዓመት በላይ ጅማን የገዙት ዳግማዊ አባ ጅፋር በጅሬን ኮረብታ ላይ ያሠሩት ቤተ መንግሥት በእንጨት፣ በድንጋይና በጭቃ የቆመ ነው። ጅሬን ወጥቶ የሚያይ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው በእንጨቱ ሥራ ላይ ይሆናል፤ እኔ ግን ልብ እንዲባል የምሻው ሰገነቱንና ከግድግዳው ወጣ ያለውን ጣራ ነው። በዓመት ወደ 1,500 ሚሊሜትር ዝናብ በሚወርድበት አገር ግድግዳን ከዝናብ የሚጠብቀው ከልስኑ ይልቅ ጣራው መሆኑን የጥንቶቹ ባለሙያዎች ያውቁ ነበር። የሣር ክዳኑ ቤትም ቢሆን ክዳኑ ከግድግዳው አልፎ ይወርድ ነበር። ቆርቆሮ በመጣ ጊዜ ግን በገንዘብ የሚገዛ ነገር ነውና ባለቤቱ ቆጠበ፤ ክፈፉ አጠረ፤ ዝናቡም ግድግዳውን አገኘው።

ሲሚንቶዬ ከወደቀ በኋላ ምርጊት ያስተማሩኝ በሰፈሩ በዚህ ሥራ የታወቁ አንዲት አረጋዊት ጎረቤታችን ናቸው። «እትዬ፣ አፈሩን ከየት ላስመጣ?» ብላቸው ሳቁብኝ። «ምን ያስመጣሃል ልጄ፤ ከጓሮው ቀዩን ቆፍር። ወደ ረግረጉ ብቻ እንዳትሄድ» አሉኝ። በመጽሐፍ ያነበብሁትን በዚያች ቃል አገኘሁት። የደጋማው ቀይ አፈር ሸክላው በአመዛኙ ካኦሊናይት የሚባለው ዓይነት ስለሆነ ሲረጥብ ብዙ አያብጥም፤ ሲደርቅም ብዙ አይሸማቀቅም። በየሸለቆው ወለል ያለው ጥቁር ዋልካ ግን በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ከተመረገም ግድግዳውን ይዞ ይሰነጠቃል።

ሥር የበዛበት የላይኛው አፈር ተገፍፎ ከሥሩ ያለው ይቆፈራል፤ በጉድጓድ ውስጥ በውኃ ይርስና ጭድ እየተነሰነሰበት በእግር ይረገጣል። በማግስቱ ልጀምር ስል እትዬ ከለከሉኝ፤ ጭቃው እየተረገጠ ከሳምንት በላይ መክረም ነበረበት። ጭዱ ሲበሰብስ ሽታው ሰፈሩን ያውካል፤ ነገር ግን ጭቃው የሚለጠጥና የሚጣበቅ የሚሆነው በዚያን ጊዜ ነው። እኔ ለእጄ እንዲቀለኝ ውኃ አበዛሁበት፤ የመረግሁት ወገን ሲደርቅ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ አወጣ። ሁለተኛው ስሕተቴ ደግሞ የመጀመሪያውን ምርጊት እንደ መስተዋት ማለስለሴ ነበር። እትዬ መጥተው አዩት፤ ሳይናገሩ በአምስት ጣታቸው ከላይ እስከ ታች ቧጨሩት። ሁለተኛው ንብር የሚይዘው በዚያ ጭረት ላይ ነውና።

የመጀመሪያው ምርጊት ከውስጥም ከውጭም እየተወረወረ በማገሩ መካከል እስኪተቃቀፍ ድረስ ይጫናል። ደርቆ ስንጥቁን ከጨረሰ በኋላ ጭዱ የደቀቀ ቀጭን ንብር ይከተላል። በመጨረሻ የተነፋ አፈር ከእበትና ከአመድ ጋር ተለውሶ በመዳፍ ይለቀለቃል። ጭቃ መርገጡ በአብዛኛው የወንዶች ደቦ፣ በአካባቢው አነጋገር የዳዶ ሥራ ሲሆን፣ ልቅለቃው ግን የሴቶች ጥበብ ነበር። በየዓመቱ ለበዓል ሲባል የሚደረገው ልቅለቃ ለጌጥ ብቻ የሚመስለን እንሳሳታለን፤ በክረምቱ የታጠበውን ቆዳ የሚተካ መደበኛ ጥገና ነበር።

የዚህ ሥራ ወቅት ከቡናው ጋር የተያያዘ መሆኑን የተረዳሁት በኋላ ነው። በጅማና በአካባቢዋ፣ በጎማ፣ በሊሙ፣ በማናና በጌራ፣ ቡና የሚለቀመው በአመዛኙ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው። በእነዚያ ወራት ለግድግዳ የሚተርፍ እጅ የለም። የጤፉ አውድማ አልቆ ጭድ የሚገኘው፣ ከቡናው ሽያጭ ገንዘብ የሚገባው፣ ፀሐዩም የሚበረታው በጥርና በየካቲት ነው። በመጋቢት ዝናብ ይጀምራል። እንግዲህ ምርጊቱ እንዲደርቅ የተሰጠው ጊዜ ሁለት ወር ገደማ ብቻ ነው። እኔ ሲሚንቶውን ያስለሰንሁት በግንቦት ነበር፤ ፈቃድ ያገኘሁት ያኔ ነዋ።

ሲሚንቶው በየት በኩል እንደ መጣ ለማወቅ የግንበኞችን ቋንቋ ማዳመጥ ይበቃል። ቋሚ፣ ማገር፣ ልጥ፣ ጭድ፣ ምርጊት፣ ልቅለቃ የምንላቸው ሁሉ የአገር ቃላት ናቸው። ግንበኛው ግን ካዞላ፣ ፍራታሶ፣ ስታጃ፣ ባሬላ ይላል፤ የመጀመሪያውን ሻካራ ንብር ሪንዛፎ ይለዋል። ሁሉም ጣሊያንኛ ነው። ጣሊያኖች በአምስቱ ዓመት ወረራ ጅማን ለደቡብ ምዕራቡ ግዛታቸው ማዕከል አደረጓት። በ1933 ዓ.ም. ከተባረሩ በኋላም ያቆሟቸው ሕንፃዎች በከተማዋ መሃል ቀሩ፤ የቀን ሠራተኛ ሆነው ከሥራቸው የዋሉት ወገኖቻችንም ሙያውን ከነስሙ ያዙ። ለእኔ የሚያሳዝነው ሁለቱ ሙያዎች አለመገናኘታቸው ነው። ፍራታሶ የያዘው ሰው «ባለሙያ» ተባለ፤ በመዳፏ የምትለቀልቀው ሴት ግን ስም ሳይሰጣት ቀረች።

ሲሚንቶ ያኔም ቢሆን ለተራው ሰው ሩቅ ነበር። የመጀመሪያው የሲሚንቶ ፋብሪካ የቆመው በድሬዳዋ ነው፤ ባቡሩ ጅማ ስለማይደርስ እያንዳንዱ ከረጢት ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ በጭነት መኪና ይመጣ ነበር። የሙገር ፋብሪካ በ1970ዎቹ አጋማሽ ሥራ ሲጀምር አቅርቦቱ ሰፋ። አሸዋው ግን ዛሬም ለጅማ ከወራቤና ከጋምቤላ ሳይቀር ይጫናል። ለንግድ ቤት ባለቤት የሲሚንቶ ልስን የብልጽግና ምልክት የሆነው በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል፤ በጣም ውድ ነበርና።

በሐምሌ 1967 ዓ.ም. ሁለት ነገሮች ገጠሙ። በብራዚል ውርጭ የቡናን ተክል አቃጥሎ የዓለም ዋጋ መናር ጀመረ፤ በዚያው ወር ደግሞ በሀገራችን የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት እንዲሆን የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 47 ወጣ። ቡና ውድ በሆነበት ዘመን ብዙ የኪራይ ቤት የቀበሌ ንብረት ሆነ። ተከራይ የራሱ ያልሆነውን ግድግዳ በየዓመቱ አይለቀልቅም፤ ቀበሌም ለምርጊት የሚተርፍ በጀት አልነበረውም። ዓመታዊው ልማድ በከተማ የተቋረጠበትን ምክንያት ስፈልግ ከማንኛውም ቴክኒካዊ ጉዳይ ይልቅ ይህን አስቀድማለሁ።

ወደ እናቴ ግድግዳ ልመለስና የውድቀቱን ምክንያት ላስረዳ። ጭቃ እርጥበት ይስባል፤ አየሩ ሲደርቅም መልሶ ይተፋል፤ በዚህ መሃል በጥቂቱ ያብጣል፣ ይሸማቀቃል። የሲሚንቶ ልስን ግን ግትር ነው፤ ከጭቃው ጋር አይንቀሳቀስም። ስለዚህ በጠርዝና በመስኮት ዙሪያ ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ ያወጣል። ዝናቡ በዚያ ስንጥቅ ይገባል፤ ከመሬት የሚወጣውም እርጥበት ይጨመርበታል፤ መውጫ ግን አያገኝም። እንጨቱ የጥድ ወይም የወይራ ቢሆን ኖሮ ትንሽ ይታገል ነበር፤ የዛሬው ቋሚ ግን በአመዛኙ ባሕር ዛፍ ነው፣ ምስጥም ይወደዋል። አንዳንዶች የሽቦ መረብ በጭቃው ላይ ቸንክረው ሲሚንቶውን ያስይዛሉ። ይህ ልስኑ እንዳይወድቅ ይረዳ ይሆናል፤ እንጨቱን ከመበስበስ ግን አያድንም፤ እንዲያውም ብስባሹን ይሸሽገዋል። ልስን ከሚሸፍነው ግድግዳ ይልቅ ደካማና እርጥበት የሚያስተላልፍ መሆን ይገባዋል። ከጭቃ የጠነከረ የውጭ ልስን የሚሻ ሰው በደንብ የበረደ ኖራ ከአሸዋ ጋር ቢጠቀም ከሲሚንቶ ይሻለዋል፤ ኖራው ሲጠነክርም እንደ ሲሚንቶ መውጫውን አይዘጋም።

ስድስት ቋሚዎች ቀየርሁ፤ ከሥራቸው የድንጋይ መሠረት አስገባሁ፤ ቆርቆሮውን በክንድ ያህል አስረዘምሁ። ምርጊቱን በጥር ጀምረን በየካቲት መጨረሻ ለቀለቅነው። የመጀመሪያው ክረምት አልፏል። በምዕራቡ መስኮት ሥር አንድ ስንጥቅ አለ፤ እኔ ውኃ ያበዛሁበት ቦታ መሆኑን እትዬ ሳልነግራቸው ዐውቀውብኛል። ቡናው ተለቅሞ ሲያልቅ፣ በጥር፣ እሱን ደግሜ እመርጋለሁ።