ሶሃል፦ ዓሣ አጥማጆች ስም ያወጡለት ዓሣ

ቀይ ባሕር ውስጥ ሶሃል የሚባል ዓሣ አለ። ጎኑ ላይ ከራሱ እስከ ጭራው ጥቁርና ፈዘዝ ያሉ ቀጫጭን መስመሮች ተጋድመውበታል። ክንፎቹ ጥቁር ናቸው፤ ጠርዛቸው ግን በደማቅ ሰማያዊ ተዘምዝሟል። ጭራው ሥር ያለችውን ብርቱካናማ ምልክት ልብ በሏት! እዚያ ላይ እንደ ምላጭ የሰላ እሾህ አለ። የሶሃል ዘመዶች «ቀዶ ሐኪም ዓሣ» የተባሉት በዚህ እሾህ ምክንያት ነው።

ሶሃል እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ያድጋል። የሚኖረው ማዕበል በሚመታው የኮራል ሪፍ ጠርዝ ላይ ነው። አልጌ እየጋጠ ይኖራል፤ ግጦሹን ሊሻማው የመጣን ሁሉ ያባርራል። ከቀይ ባሕር እስከ ፋርስ ባሕረ ሰላጤ ይገኛል።

ታዲያ ስሙን ማን አወጣለት?

በ1761 እ.ኤ.አ. የዴንማርክ ንጉሥ ስድስት ሰዎችን ወደ ዓረቢያ ላከ። ከእነሱ አንዱ የታዋቂው ሊኔየስ ተማሪ ፔተር ፎርስኮል ነበር። ፎርስኮል ዓሣ ሲያገኝ የአንድ ጎኑን ቆዳ ገፎ፣ እንደ ቅጠል ወረቀት ላይ ለጥፎ ያደርቀው ነበር። ችግሩ ቆዳው ሲደርቅ ቀለሙ ይጠፋል። ስለዚህ መልኩን በጽሑፍ መያዝ ነበረበት። ለብዙዎቹ ዓሦች ደግሞ አዲስ ስም አልፈጠረም፤ የአገሩ ሰዎች በዓረብኛ የሚጠሯቸውን ስም ጻፈ። «ሶሃል» አንዱ ነው።

ፎርስኮል ግን መጽሐፉን ሳያይ ቀረ። በሐምሌ 1763 የመን ውስጥ በወባ ሞተ፤ ገና 31 ዓመቱ ነበር። ከስድስቱ በሕይወት አገሩ የገባው ካርስተን ኒቡር ብቻ ነው። የጓደኛውን ማስታወሻዎች ሰብስቦ በ1775 ያሳተመው እሱ ነው።

እዚያ መጽሐፍ ላይ ዓሣው «ኬቶዶን ሶሃል» ተብሏል። ኋላ ሳይንቲስቶች ወገኑን አስተካክለው «አካንቱሩስ ሶሃል» አሉት። የመጀመሪያው ቃል ተቀየረ፣ ሁለተኛው ግን እንዳለ ቀረ። የሳይንስ ስም ሕግ እንዲህ ነው፦ ዓሣው ከወገን ወደ ወገን ቢዛወርም የዝርያው መጠሪያ አብሮት ይሄዳል።

ፎርስኮል ካደረቃቸው ዓሦች ብዙዎቹ ዛሬም ኮፐንሃገን ሙዚየም ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ቀለማቸው ግን የለም። ቃሉን የነገሩት ዓሣ አጥማጆች እነማን እንደነበሩም አልተጻፈም። ዛሬ የየትኛውም አገር ተመራማሪ ስለዚህ ዓሣ ሲጽፍ ግን የእነሱን ቃል ይጠቀማል።