የአደራ ዘር

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ፤ ከኋላ ላሉትም ይሰማ። ዛሬ የምነግራችሁ የገብስ ዘር የሄደበትን መንገድ ነው። መንገዱ ረጅም ነው፤ ባሕር ይሻገራል፣ በረዶም ይሻገራል፤ እኛ ግን ቀስ ብለን እንሄዳለን። የምጠራው ዘመን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፤ ታሪኩ የብዙ አገር ሰው ታሪክ ነውና ቅር አይበላችሁ።

ደጋ ያደገ ሰው ይህን ያውቃል። ገብሱ ተወቅቶ፣ በነፋስ ተለይቶ ቤት ሲገባ፣ የቤቱ እመቤት ከሁሉ አስቀድማ የዘሩን ትለያለች። ፍሬው የሞላውን፣ ያልተጨማደደውን በእጇ እየዳሰሰች ትመርጣለች፣ ከዚያም ጎታ ውስጥ ትጨምረዋለች፣ አፉንም በጭቃ ትመርገዋለች። ክረምቱ ቢረዝም፣ እንጀራው ቢሳሳ፣ ልጆቹ ቢያለቅሱ እንኳ ያ ዘር አይነካም። ጎረቤት መጥቶ «እትዬ፣ ዘር አጠረኝ፤ አንድ ቁና አውሺኝ» ያላት ጊዜ ግን ጭቃውን ታፈርሰዋለች። ደግነቷ አንድ ነገር ነው። ሌላም የምታውቀው ነገር አለ፦ ውርጭ የወዲህኛውን ዳገት ሲመታ የወዲያኛውን ይምር ይሆናል፣ የእርሷም ማሳ የጠፋ ጊዜ የገዛ ዘሯ ጎረቤቷ ማሳ ላይ ቆሞ ይጠብቃታል፤ በዓመቱም በተራዋ ቁናዋን ይዛ ማዶ ትሻገራለች። ይህን ነገር ልባችሁ ውስጥ አኑሩልኝ፤ እስከ መጨረሻው እንፈልገዋለን።

ገብስ ራሱ ወደ እኛ የመጣ እንግዳ ነው። ከብዙ ሺህ ዓመት በፊት ሰው ገብስን ከዱር አውጥቶ ያላመደው በሻም ምድርና በዙሪያዋ ነው። ከዚያ እጅ በእጅ እየተላለፈ ወደ ደጋችን ወጣ፣ ወጥቶም ለመደ፣ ለምዶም በዛ። ነጩ አለ፣ ጥቁሩ አለ፣ ገለባው በቀላሉ የሚለቀው ሰነፍ ቆሎ አለ፤ ለጠላ የሚመረጠው፣ ለበሶ የሚመረጠው፣ ዝናብ ሲያጥር ፈጥኖ የሚደርሰው አለ። በትግራይና በኤርትራም ገብስና ስንዴውን አንድ ላይ ቀላቅለው ይዘሩና ሀንፈጽ ይሉታል፤ ዝናቡ ቢያንስ ገብሱ፣ ቢበዛ ስንዴው ይተርፋል። ይህን ሁሉ ያደረገ ሊቅ ስሙ አልተጻፈም፤ ወንዱ በሞፈሩ፣ ሴቷ በሰፌዷ ያደረጉት ነው።

እንግዲህ በ1926 መጨረሻ፣ ገበሬው አጭዶ ክምሩን ባቆመበት የበጋ ወራት፣ ኒኮላይ ቫቪሎቭ የሚባል ሩስያዊ በጅቡቲ በኩል ወደ አገራችን ገባ። አገሩ ከአምስት ዓመት በፊት በቮልጋ ወንዝ ዳር ስንቱን የፈጀ ረሀብ አይታ ነበር። እርሱም የዓለምን እህል ዘር ከየበቀለበት ሰብስቦ፣ ከዚያም ድርቁንና በሽታውን የሚችለውን መርጦ፣ የረሀብን ነገር ለመጨረስ የቆረጠ ሰው ነበር። አዲስ አበባ ሲደርስ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ተቀብለው አነጋገሩት፣ ስለ አገሩም ጠየቁት፤ ከዚያ በኋላ በቅሎዎች ተጫኑና ጉዞው ወደ ሰሜን ሆነ።

የበጋውን መንገድ ታውቁታላችሁ። ሌሊቱ አጥንት ድረስ ይገባል፣ ቀኑ አናት ይበሳል፤ ቆላ ሲወርዱ ላብ፣ ደጋ ሲወጡ ጋቢ። በዚያ ሁሉ ዓባይን ተሻግሮ ጎንደር፣ ከጎንደር አክሱም፣ ከአክሱም አስመራ ድረስ ሄደ፣ ሲሄድም ዘር እየለቀመ ነበር። ይህ ሰው አውሮፓንም እስያንም ዞሯል፤ እዚህ ያየውን የገብስና የስንዴ መዓት ዓይነት ግን ሲያይ ተደነቀ፣ አገራችንንም በዓለም ላይ የአዝርዕት መገኛና መባዣ ከሆኑት ጥቂት ቦታዎች አንዷ ናት ብሎ ጻፈ። ለመንገደኛ እፍኝ ዘር መስጠት ለገበሬው ነገሬ የሚባል አይደለም። ያች እፍኝ ወዴት እንደምትሄድ የሰጪው እጅ አላወቀም፤ ተቀባዩም ቢሆን ምን እንደሚጠብቀው አላወቀም።

ቫቪሎቭ ዘሩን ይዞ ወደ ሌኒንግራድ ተመለሰ፣ በቅዱስ ይስሐቅ አደባባይ ባለው ቤትም ከዓለም ሁሉ ከመጣው ዘር ጋር አኖረው። በኋላ ዘመን ከፋ። በሳይንስ የተቃወሙት ሰዎች የስታሊንን ጆሮ አገኙ፣ በ1940ም ዘር ፍለጋ እንደወጣ ዩክሬን ውስጥ ተያዘ። ከዓመት በኋላ የጀርመን ጦር ሌኒንግራድን ከበባት። ከበባው ዘጠኝ መቶ ቀን ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ነው ያበቃው። ለከተማው የሚበቃ ዳቦ አልነበረም። በዚያ ቤት የሚሠሩት ሊቃውንት ግን በሩዝ፣ በስንዴ፣ በገብስ፣ በለውዝ ከረጢት መካከል ተቀምጠው ነበር። አይጡን አባረሩ፣ ሌባውን ጠበቁ፣ ድንቹ በብርድ እንዳይሞት ያገኙትን እያነደዱ አሞቁት፣ ከመካከላቸውም በርካቶች እየጠበቁ በረሀብ ሞቱ። አሌክሳንደር ሽቹኪን የለውዝ ጠባቂ ነበር፤ ከጠረጴዛው ሳይነሣ ሞተ። ድሚትሪ ኢቫኖቭ የሩዝ ጠባቂ ነበር፤ በሩዝ ከረጢት እንደተከበበ ሞተ። ቫቪሎቭም በጥር ወር 1943 በሳራቶቭ እስር ቤት፣ ወጣት ሳለ ባስተማረባት ከተማ፣ ለሰው ልጅ እህል ሲፈልግ የኖረው ያ ሰው በረሀብ ሞተ።

እናቶቻችን ይህን ቢሰሙ ምን ይሉ ነበር? እኔ እንጃ፤ የሚገባቸው ይመስለኛል። የጎታውን አፍ ሳያፈርሱ ክፉ ክረምት ያሳለፉ ናቸውና።

አሁን ባሕሩን ወደ ምዕራብ እንሻገር። ከቫቪሎቭ ቀድሞ፣ በ1923፣ ሃሪ ሃርላን የሚባል አሜሪካዊ የገብስ ሊቅም አገራችንን በቅሎ ላይ ሆኖ አቋርጧት ነበር፣ እርሱም ዘር ይዞ ሄደ። ዓመታት አለፉ። ከዚያ በ1951 በካሊፎርኒያ ገብሱ ሳይደርስ ቢጫ እየሆነና እየቀጨጨ መቅረት ጀመረ። ክሽክሽ የሚያዛምተው ቫይረስ ነበር። ሊቃውንቱ በጎተራቸው ያለውን ከ6 ሺህ በላይ ዓይነት ገብስ አውጥተው ፈተኑት፣ በሽታውን ችለው የቆሙትም ከሞላ ጎደል ሁሉም ከኢትዮጵያ የሄዱት ሆኑ። ያንን ባሕርይ በማዳቀል ወደ ራሳቸው ገብስ አስገቡ፣ የካሊፎርኒያ ገበሬም ማሳውን አዳነ። በዚህ ደስ ይለኛል፤ የእኛ እህል የሰው ልጅ ሲያድን ማን ይከፋዋል? የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ያን ገብስ ያን ያህል ዘመን መርጣ ያቆየችው እናት «ዘርሽ ደረሰልን» የሚላት ሰው አላገኘችም።

ስለዚህም ነው የዘር ነገር ውሎ አድሮ የአገሮች ክርክር የሆነው። በ2001 አገሮች ሮም ላይ ስለ አዝርዕት ዘረ መል ስምምነት አደረጉ፣ በ2004ም ሥራ ላይ ዋለ፤ አገራችንም ገባችበት። ስልሳ አራት ዓይነት ሰብልና መኖ በጋራ ማዕድ ላይ ቀረቡ፤ ማንም ለምርምርና ለማዳቀል ይወስዳል፣ የወሰደው ያተረፈም እንደሆነ ከትርፉ ያካፍላል፤ የገበሬው ድካምም በወረቀት ታወቀለት። ገብስ፣ ስንዴ፣ ማሽላ፣ ዳጉሳ፣ ጓያ ሳይቀር ገቡ። ጤፍና ቡና አልገቡም። የጤፍን ነገር አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁና አላረዝመውም፦ በ2005 ከአንድ የሆላንድ ኩባንያ ጋር ውል ታሰረ፣ ኩባንያውም በጤፍ ዱቄት ላይ ፓተንት አወጣ፣ ከዚያም ከሰረ፣ ለእኛም የረባ ነገር ሳይደርሰን ቀረ። በ2018 ግን የሄግ ፍርድ ቤት ያንን ፓተንት ሻረው። ቁና ተውሶ ጎታውን የእኔ ነው የሚል ጎረቤት አይታጣም፤ ለዚህ ሲባል ማዋስ ይቅር የሚሉትን ግን አልሰማቸውም።

ለምን አልሰማቸውም? በእኛ አቆጣጠር የሰባ ሰባትን ረሀብ ያየ ሰው ነኝና። አዲስ አበባ ላይ በ1976 በጀርመን መንግሥት እርዳታ የዘር ማዕከል ተቋቁሞ ነበር፣ ሥራውንም ዶክተር መላኩ ወረደ ይመሩት ነበር። ያ ረሀብ ሲመጣ፣ ጎታ የማይነካው ሰው ጎታውን ነካ። ከዚያ በኋላ ዝናብ ቢመጣስ ምን ይዘራል? ዶክተር መላኩና ባልደረቦቻቸው ዘሩ ተበልቶ ሳያልቅ ሊደርሱበት ወደ ተራበው አገር ወጡ፣ ያገኙትን ሰበሰቡ፣ በኋላም ከካናዳ ከመጡ ረዳቶች ጋር የገበሬውን የራሱን ዘር መልሰው ከገበሬው ማሳ ላይ አበዙት። ያን ጊዜ ከጎታው ያለቀበት ሰው፣ ሌላ ቦታ የተቀመጠች እፍኝ ምን ማለት እንደሆነች ያውቃል።

ወደ ሻም ልመልሳችሁ፤ ገብስ ወደ ተነሣባት አገር። ከአሌፖ ከተማ በስተደቡብ ቴል ሃድያ በሚባል ቦታ የደረቅ አገር እህል የሚያጠና ዓለም አቀፍ ማዕከል ነበረ። ገብስ፣ ስንዴ፣ ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላ በቅዝቃዜ ቤት ይጠበቅበት ነበር፣ ከእኛም ደጋ የሄደ ገብስ እዚያ ነበር። በ2008 ደግሞ ኖርዌይ ከሰሜን ዋልታ ብዙም በማይርቁት በስቫልባርድ ደሴቶች፣ ብርዱ ባሰረው ተራራ ሆድ ውስጥ የዓለምን ዘር አደራ የሚቀበል ዋሻ ከፈተች። የመጀመሪያውን ሣጥን ከኖርዌዩ ጠቅላይ ሚኒስትር ጋር ይዘው የገቡት ኬንያዊቷ ዋንጋሪ ማታይ ነበሩ። የዋሻው ሕግ እንዲህ ነው፦ ሣጥኑ የላከው ነው፤ ከላከው በቀር ማንም አይከፍተውም። የአሌፖዎቹም ከዘራቸው ብዙውን ከፍለው ሣጥን በሣጥን ላኩ።

ከዚያ በሶርያ ጦርነት መጣ። ሠራተኞቹ የቅዝቃዜ ቤቱ እንዳይሞት በጄኔሬተር እያቆዩት ቆዩ፣ በመጨረሻ ግን ለቀው ወጡ። ማሳው ከእጅ ወጣ፤ ዘሩ ግን ማዶ ቆሞ ይጠብቃቸው ነበር። በ2015 ወደ ስቫልባርድ መልእክት ላኩ፦ አደራችንን ስጡን አሉ። ዋሻው ከተከፈተ ጀምሮ ዘሬን መልሱልኝ ያለ ሰው ሲመጣ ያ የመጀመሪያው ነበር። 128 ሣጥን፣ በውስጡም ወደ 38 ሺህ የሚጠጋ ናሙና ወጣ። ከፊሉ ወደ ሊባኖስ፣ ከፊሉ ወደ ሞሮኮ ሄደ፣ እዚያም መሬት ነካ፣ ዝናብ አገኘ፣ አሸተ፣ ታጨደ።

በ2017 በየካቲት፣ የዋልታው ጨለማ ገና ለፀሐይ ሊለቅ ሲያቅማማ፣ ሰዎች በበረዶው ላይ እየተራመዱ ወደዚያ ተራራ በር መጡ፣ አዲሱን ዘር የያዙ ሣጥኖችንም እየገፉ ነበር። በሩ ተከፈተላቸው፣ ገቡም፣ ከተዋሱትም ከፊሉን መደርደሪያው ላይ መለሱት።