የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት የማን ነው?

መተማ ላይ ስለ በረዶ ናዳ ማውራት በመጋቢት ፀሐይ ካፖርት እንደ መደረብ ነው። እኔ ግን ያለ ምክንያት አላነሳሁትም።

በአልፕስ ተራሮች ናዳ በሚያሰጋበት በረዶ ላይ የሚጓዙ ሰዎች ሦስት ነገር እንዲይዙ ይመከራሉ፦ የተቀበረውን የሚጠቁም የሬዲዮ ምልክት መስጫ፣ በረዶውን እየወጉ የሚፈልጉበት ረጅም ዘንግና አካፋ። ናዳ የቀበረው ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ከወጣ የመትረፍ ዕድሉ ከፍተኛ ነው። ግማሽ ሰዓት ካለፈ ግን አብዛኛው አየር አጥሮት ይሞታል። ሄሊኮፕተር ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ከዚያ በኋላ ነው። ዋናው ነፍስ አድን እንግዲህ አብሮ የሚጓዘው ባልንጀራ ነው ማለት ነው።

በእኛ አገር ከ4,500 ሜትር በላይ የሆነው ራስ ዳሸን እንኳ ናዳ የሚሆን በረዶ አያከማችም። የአፈር ናዳ ግን አለ። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ ከ200 በላይ ሰዎች አልቀዋል። ከሟቾቹ ብዙዎቹ የመጀመሪያው ናዳ የቀበራቸውን ለማውጣት የተሰበሰቡ ነበሩ፤ ሁለተኛው ናዳ በላያቸው ወረደ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 575 በከባድ አደጋ ላይ ያለን ሰው መርዳት እየቻለ ሆን ብሎ የተወን ይቀጣል። ግዴታው ያለው ግን ርዳታው በራሱ ወይም በሌላ ሰው ላይ አደጋ የማያስከትል ሲሆን ብቻ ነው። ስለዚህ ከመቆፈር በፊት ቀና ብሎ ተረተሩን ማየት፣ አንድ ሰውም ጠባቂ አድርጎ ማቆም ፈሪነት አይደለም።

ወደ መተማ ልመለስ። እዚያ ሰው የሚገድለው ናዳ ሳይሆን ከ40 ዲግሪ የሚያልፈው ሙቀት ነው። አንድ ጊዜ ከደጋ የወረደ ወጣት የቀን ሠራተኛ ሲቃዥና ሲንገዳገድ አይቻለሁ። አንዳንዱ “ሰክሯል” ብሎ አለፈው። አንድ ሽማግሌ ግን ጥላ ሥር ጎትተው፣ ልብሱን አውልቀው፣ ውኃ እያፈሰሱ አራገቡለት። ልጁ ነቃ። ሐኪሞችም የሚመክሩት ይህንኑ ነው፦ በሙቀት የተመታን ሰው ግማሽ ሰዓት ሳያልፍ ማቀዝቀዝ፣ ራሱን ከሳተ በአፉ ውኃ አለመጨመር፣ ከዚያም ወደ ጤና ጣቢያ ማድረስ።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሠራተኛውን ጤንነትና ደህንነት የመጠበቅ ግዴታ በአሠሪው ላይ ይጥላል። በሰሊጥ እርሻ ላይ ይህ ምን ማለት ነው? ውኃ፣ ጥላ፣ በቀትር ዕረፍት፣ ማታ ማታም የስም ጥሪ። ስሙ ያልተመዘገበ ሰው ሲጠፋ ማን ብሎ ይፈልገዋል?

“ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት” ይባላል። የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት የመንግሥትም የሄሊኮፕተርም አይደለም፤ አጠገብ የቆመው ሰው ነው። እሱ ደግሞ ምን ማድረግ እንዳለበት ቀድሞ ማወቅ አለበት።