ማኮላሸትና የጮቄ ቀይ ቀበሮ

የብቸናና የሞጣ ገበሬ ወይፈኑን አኮላሽቶ ለእርሻ መግራትን፣ በጉን ሙክት አድርጎ ማድለብን ከጥንት ያውቃል፤ ውሻውን ግን እንደ ልቡ እንዲራባ ትቶት ኖሯል።

ከብቸና በስተሰሜን ምዕራብ፣ ከሞጣ በስተደቡብ በሚገኘው በጮቄ ተራራ የቀይ ቀበሮ መኖሪያ በእርሻና በግጦሽ ጠበበ፤ ቀበሮውም ጠፋ። ገበሬ በወጣበት ውሻ ይከተላል፤ በባሌም በ1991 እና በ1992 እ.ኤ.አ. ከውሻ የተዛመተው የእብድ ውሻ በሽታ ቀበሮዎችን በብዛት ፈጅቷል።

አሜሪካኖች በአሳቲግ ደሴት የዱር ፈረሶች ከመጠን በላይ እንዳይበዙ፣ በ1988 እ.ኤ.አ. ፅንስ የሚከለክል ክትባት መሞከር ጀመሩ። በአዲስ አበባ ግን ባለቤት የሌለው ውሻ በመርዝ ሲገደል ኖሯል፤ ነገር ግን ፍርፋሪው ካልተነሣ በሞተው ፈንታ ሌላ ይተካል። ስለዚህ ለቀሩት ቀበሮዎች ሲባል ልደቱ ሊገታ የሚገባው ውሻ ነው፤ ይኸውም በመርዝ ሳይሆን በማኮላሸትና በክትባት ሊሆን ይገባል።