የሜምኮፒ ተኳኋኝነት ችግር

የሜምኮፒ ተኳኋኝነት ችግር ጂሊብሲ በተባለው ክፍት ምንጭ የፕሮግራሚንግ ላይብረሪ ውስጥ የሜምኮፒ ፈንክሽን አሠራር እ.ኤ.አ. በ2010 በመለወጡ፣ ቀድሞ በደንብ ይሠሩ የነበሩ አንዳንድ ፕሮግራሞች የተበላሹበት ክስተት ነው። ለውጡ የሲ ቋንቋን መስፈርት አልጣሰም። ይሁን እንጂ አንድ ላይብረሪ ቀድመው ለተሠሩ ፕሮግራሞች ያለበት ኃላፊነት እስከ ምን ድረስ ነው የሚል ክርክር አስነሥቷል። ችግሩ እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣው የጂሊብሲ 2.14 ዕትም መፍትሔ አግኝቷል።

መነሻ

ጂሊብሲ የጂኤንዩ ፕሮጀክት የሲ ላይብረሪ ሲሆን በአብዛኞቹ የሊኑክስ ሥርጭቶች ውስጥ ይገኛል። ፋይል መክፈትን፣ ጽሑፍ ማተምንና ሜሞሪ መቅዳትን የመሳሰሉ መሠረታዊ ሥራዎችን የሚያከናውኑ ፈንክሽኖችን ይዟል። ፕሮግራሞች ብዙውን ጊዜ የላይብረሪውን ኮድ በውስጣቸው አይዙም፤ ሲነሡ በኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ላይብረሪ ይጠቀማሉ። ስለዚህ ላይብረሪው ሲታደስ፣ ፕሮግራሙ ራሱ ምንም ሳይነካ ባሕርዩ ሊለወጥ ይችላል። አዲሱ ዕትም ለአሮጌው የተሠሩ ፕሮግራሞችን እንደ ቀድሞው ማስተናገድ ከቻለ ወደ ኋላ ተኳኋኝ ነው ይባላል።

የሜምኮፒና የሜምሙቭ ልዩነት

ሜምኮፒ ከአንድ የሜሞሪ ቦታ የተወሰኑ ባይቶችን ወደ ሌላ ቦታ ይቀዳል። በሲ መስፈርት መሠረት መነሻውና መድረሻው መደራረብ የለባቸውም፤ ከተደራረቡ ውጤቱ ምን እንደሚሆን መስፈርቱ አይወስንም። ለተደራረቡ ቦታዎች የተዘጋጀው ሜምሙቭ የተባለው ሌላ ፈንክሽን ነው።

ልዩነቱን በምሳሌ ማየት ይቻላል። አምስት ተከታታይ ቦታዎች «ሀ ለ ሐ መ ሠ» የሚሉ ፊደላትን ይዘዋል እንበል። ከሁለተኛው እስከ አምስተኛው ያሉትን አራት ፊደላት አንድ ቦታ ወደ ግራ ለመቅዳት ይፈለጋል። ቅጂው ከግራ ቢጀምር ውጤቱ «ለ ሐ መ ሠ ሠ» ይሆናል፤ የተፈለገውም ይኸው ነው። ከቀኝ ቢጀምር ግን መጀመሪያ «ሠ» በ«መ» ላይ ይጻፋል፤ ቀጥሎ የሚቀዳው ያው «ሠ» ስለሚሆን በመጨረሻ አምስቱም ቦታዎች «ሠ» ይይዛሉ። ሜምሙቭ መደራረቡን አይቶ ትክክለኛውን አቅጣጫ ይመርጣል፤ ሜምኮፒ ይህን የማድረግ ግዴታ የለበትም።

የ2010 ለውጥ

ለብዙ ጊዜ የጂሊብሲ ሜምኮፒ በባለ64 ቢት የኢንቴልና የኤኤምዲ ዓይነት ፕሮሰሰሮች ላይ ከዝቅተኛው አድራሻ ወደ ከፍተኛው ይቀዳ ነበር። በዚህ ምክንያት ከላይ እንደተጠቀሰው ምሳሌ ዓይነት የተሳሳተ አጠቃቀም ያለባቸው ፕሮግራሞች ስህተታቸው ሳይታወቅ ይሠሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 ፍጥነት ለመጨመር ተብሎ በአንዳንድ ፕሮሰሰሮች ላይ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው የሚቀዳ አዲስ ኮድ ገባ። ላይብረሪው የሚጠቀመውን ኮድ እንደ ፕሮሰሰሩ ዓይነት ስለሚመርጥ፣ አንድ ፕሮግራም በአንዱ ኮምፒውተር ላይ ሲሠራ በሌላው ላይ ሊበላሽ ይችል ነበር።

ለውጡን በያዘው ፌዶራ 14 ላይ በአዶቢ ፍላሽ ፕሌየር የሚሰማ ድምፅ መቆራረጥና መንኮሻኮሽ ጀመረ። ፍላሽ ፕሌየር ለተደራረቡ የሜሞሪ ቦታዎች ሜምኮፒን ይጠቀም ስለነበር የድምፁ መረጃ ሲቀዳ ይበላሽ ነበር። የፍላሽ ምንጭ ኮድ ዝግ ስለነበር ተጠቃሚዎች ስህተቱን ራሳቸው ማረም አይችሉም ነበር።

ክርክሩ

አንደኛው ወገን ጥፋቱ የፍላሽ ነው ይል ነበር። መስፈርቱ መደራረብን በግልጽ ከልክሏል፤ ላይብረሪው ለተሳሳቱ ፕሮግራሞች ሲባል መሻሻሉን ማቆም የለበትም የሚል ነበር መከራከሪያው። እንዲህ ያለውን ስህተት ቫልግሪንድ በተባለው መሣሪያ ማግኘትም ይቻላል።

የሊኑክስ ከርነል ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስ ከሌላው ወገን ሆኖ ተከራክሯል። በእሱ አመለካከት ለተጠቃሚው ቁም ነገሩ ትናንት ይሠራ የነበረው ነገር ዛሬ አለመሥራቱ እንጂ መስፈርቱ የሚለው አይደለም። ሜምኮፒን እንደ ሜምሙቭ ማሠራት ብዙ ፍጥነት እንደማያሳጣም ተከራክሯል። ለጊዜው እንዲያገለግል ደግሞ ከዋናው ላይብረሪ በፊት የሚጫንና የላይብረሪውን ሜምኮፒ የሚተካ አጭር ኮድ አቅርቧል።

መፍትሔው

ጂሊብሲ ለአንድ ፈንክሽን ከአንድ በላይ ዕትም መያዝ ይችላል። አንድ ፕሮግራም ኮምፓይል ሲደረግ የሚፈልገው ዕትም መለያ አብሮ ይመዘገባል። በጂሊብሲ 2.14 ይህ ዘዴ ለሜምኮፒ ሥራ ላይ ዋለ፦

• 2.2.5 የሚል መለያ ያለውን ሜምኮፒ የሚጠሩ አሮጌ የባለ64 ቢት ፕሮግራሞች በሜምሙቭ ይስተናገዳሉ፤ ስለዚህ መደራረብ አይጎዳቸውም።
• በአዲሱ ላይብረሪ ኮምፓይል የሚደረጉ ፕሮግራሞች 2.14 የሚል መለያ ያለውን ፈጣኑን ሜምኮፒ ያገኛሉ።

በዚህ መንገድ አሮጌዎቹ ፕሮግራሞች እንደገና ኮምፓይል ሳይደረጉ ከችግሩ ተጠበቁ፤ የፍጥነት መሻሻሉም ለአዲሶቹ ቀረ። ሆኖም በአሮጌ ፕሮግራም ውስጥ ያለው ስህተት አልታረመም። ያው ምንጭ ኮድ በአዲሱ ላይብረሪ ኮምፓይል ከተደረገ ችግሩ እንደገና ሊታይ ይችላል።

የመፍትሔው ጎን ጉዳት

አዲሱ መለያ በሌላ አቅጣጫ ችግር ፈጥሯል። በጂሊብሲ 2.14 ወይም ከዚያ በኋላ በወጣ ዕትም ኮምፓይል የተደረገና ሜምኮፒን የሚጠራ የባለ64 ቢት ፕሮግራም ከ2.14 በፊት የነበረ ጂሊብሲ ባለው ኮምፒውተር ላይ አይነሣም፤ የሚፈልገው ዕትም እንዳልተገኘ የሚገልጽ መልእክት ይወጣል። በዚህ ምክንያት ፕሮግራማቸው በአሮጌ ሥርጭቶችም ላይ እንዲሠራ የሚፈልጉ ገንቢዎች ብዙውን ጊዜ አሮጌ ጂሊብሲ ባለው ኮምፒውተር ላይ ኮምፓይል ያደርጋሉ፤ ወይም በኮዱ ውስጥ የ2.2.5 መለያ ያለውን ሜምኮፒ ለይተው ይጠራሉ።