የኮምፒዩተር ጨዋታ በቆላ ስለ ምን ይቋረጣል?

በ1947 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ «ማርክ 2» የተባለው የስሌት መኪና በተሰናከለ ጊዜ ሠራተኞቹ ውስጡን ቢመረምሩ አንዲት የእሳት እራት አገኙ፤ እርሷንም በመዝገብ ላይ ለጥፈው አቆዩአት።

እርስዎም ከደብረ ብርሃን ብርድ ጣርማ በርን ተሻግረው ወደ ሸዋ ሮቢት ቢዛወሩ፣ በደጋ ደኅና ይሠራ የነበረውም የቤትዎ ኮምፒዩተር በይፋት ቆላ የልጅዎን ጨዋታ እያቋረጠ ቢጠፋ፣ ልጁን ከመቅጣትዎ በፊት ሙቀቱን ይመርምሩ። የኮምፒዩተሩ አንጎል ከልክ በላይ ሲግል እንዳይቃጠል ሥራውን ያዘገያል፤ ካልበረደም ይጠፋል። ጨዋታም ከጽሕፈት ሥራ ይልቅ እጅግ ያግለዋል። ስለዚህ አጥፍተው የማራገቢያውን አቧራ ይጥረጉ፤ መተንፈሻውንም ከግድግዳ ያርቁ። ኮምፒዩተሩ ሳይጠፋ ጨዋታው ብቻ ቢዘጋ ግን ጥፋቱን አስቀድመው በፕሮግራሙ ዘንድ ይፈልጉ። የሆነውንም ከነሰዓቱ ይመዝግቡ፤ ያለ ምርመራ የተሰጠ ፍርድ በመሥሪያ ቤትም ሆነ በቤት ፍርድ አይባልምና።